ለፕሊማውዝ የተተከለ ድንኳን

ባል ለሞተባት ሴት ምን ይቀራታል ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ሁሉ «ትዝታ» ይላችኋል። እንዲህ የሚል ሰው ባል ሞቶበት አያውቅም። የሚቀራት ዕቃ ነው። ትዝታማ ምን አለበት፤ ቦታ አይዝም፣ ጎረቤት አያማርርበትም። ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው ግን ሞተር የሌለው፣ ጎማ የሌለው፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ፕሊማውዝ የሚባል የአሜሪካ መኪና ነው። የተቀመጠውም በሽንት ቤታችን ጉድጓድ ክዳን ላይ ነው።

እንዴት እዚያ እንደደረሰ ላስረዳ፤ ባለቤቴን እንዳታሙት። ግቢያችን መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ መሐል ላይ ጭቃ፣ ለሁላችንም አንድ ሽንት ቤት። መርካቶ ውስጥ ሲሚንቶ የሚፈሰው ለሱቅ ወለል እንጂ ለሰው እግር አይደለም። ከግቢያችን ሲሚንቶ የቀመሰ ቦታ ቢኖር የጉድጓዱ ክዳንና ዙሪያው ብቻ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ «ፕሊማውዝ ጭቃ ላይ አይቆምም» አለ። እኔ ጭቃ ላይ ስቆም ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ እኔ የተባለ ነገር ግን ትዝ አይለኝም።

ያኔ መኪናው ይነዳ ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ አስነሥቶ ፈቀቅ ያደርገዋል፣ ፍሳሽ መጣጩ መኪና ሥራውን ሲጨርስ ይመልሰዋል። ቆየት ብሎ ሞተሩ ለጥገና ወጣ። ጥገናው እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ጠጋኙ ቀድሞ አለቀ። ጎማዎቹ በሰበሱና ድንጋይ ገባላቸው። በዚህ መሐል ከፊት ያለው ባለሱቅ ግድግዳውን ወደ በራችን ገፋ፤ እኛም እንደ ወጉ ተጣላን፣ እንደ ወጉ ታረቅን፣ ግድግዳው እንደ ወጉ እዚያው ቀረ። አሁን በበሩ የሚያልፈው ሰውና የእጅ ጋሪ ነው። ፕሊማውዙ እንደ አማች በሰፊ በር ገብቶ መውጫ አጣ።

ከዚያ ባለቤቴ ሞተ። ዓመት ሞላው። ክረምት ገባ፣ ጉድጓዱም ሞላ።

ፊት ለፊቴ የሚኖረው ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው። ባልዲና ጀሪካን በጅምላ ያከፋፍላል፤ የእድራችንም ንብረት ያዥ ነው። አንድ ጠዋት አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ በራፌ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አሜሪካ ሽንት ቤታችን ላይ ተቀምጣለች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ሸምሱ?»

«ይንገሯትና ትነሣ! እኛ ሐዘንዎን አክብረን ዓመት ሙሉ ዝም አልን። ጉድጓዱ ግን ሐዘን አያከብርም። ትናንት ማታ ሚስቴ ገብታ እየጮኸች ነው የወጣች።»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። እኔም ገብቼ ጮኼ ወጥቻለሁ፤ ልዩነቱ እኔ የጮኽኩት በልቤ መሆኑ ነው።

ሸምሱ በማግስቱ ከምናለሽ ተራ አንድ ብረት ቆራጭ ይዞ መጣ። ቆራጩ ፕሊማውዙን እንደ ሐኪም ዞረው፣ ሆዱን መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። «ጎማ የለው አይገፋ። በሩ ጠባብ ነው፣ ክሬን አይገባ። አራት ቦታ ቆርጬ በጋሪ ነው የማወጣው» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ኮፈኑን ዳሰሰና፣ «ይገርማል፣ ቆርቆሮው ጤነኛ ነው፤ በኪሎ ጥሩ ይሄዳል» ሲል አጽናናኝ። ከዓመት በፊት ከሰማኋቸው ማጽናኛዎች ይሄ አይብስም፤ ያኔም «ሳይሠቃይ ነው የሄደው» ሲሉኝ ነበር።

ሌላ መላ ፈለግሁ። «በሰው ኃይል ቢነሣስ?» አልኩ። ሸምሱ የግቢውን ወንድ አሰላልኝ፤ እሱ ራሱ፣ ወገቡን የሚያመው አባቱና ከስልኩ ቀና ብሎ የማያውቅ አንድ ተከራይ። በዚህ ኃይል የሚነሣው የኋላ መስታወቱ ነው።

«ይቆረጥ» አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው፤ የቀረው አካሌ አልተጠየቀም።

እንግዲህ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ቆራጩ «እኔ በኤሌክትሪክ ነው የምቆርጠው፤ በዝናብ ብቆርጥ ከመኪናው ቀድሜ እኔ ነኝ በጋሪ የምወጣው» አለ። ሸምሱ አንድ ጊዜ አሰበ። ሰውዬው አንድ ጊዜ ሲያስብ ችግር ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ አስቦ አያውቅም። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ድንኳኑን አውጥቶ አመሻሹ ላይ ፕሊማውዙ አናት ላይ ተከለው፤ ጠዋት ሥራ ይጀመር ብሎ። ለእድሩ ዳኛ አልነገረ፣ ለማንም አልነገረ። «ድንኳን ድንኳን ነው» አለኝ።

በሌላ አገር ምናልባት። እኛ ሰፈር ግን ድንኳን ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛም ድንኳን ጫፉ ከአጥር በላይ ወጥቶ በመንገድ ለሚያልፍ ሁሉ ይታያል።

ጎህ ሲቀድ በአጥራችን በኩል ባለፈው በታደለ እጀምራለሁ። ታደለ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነው። ዘንድሮ ሁሉ በስልክ በሚነገርበት ዘመን እድራችን ጡሩንባውን አልተወም፤ ታደለን ጡረታ ለማውጣት የደፈረ ሰው ስለታጣ ነው። በቅርቡ አንድ ለቅሶ አርፍዶ ነፍቶ፣ ሰው ከቀብር ሲመለስ «ቀብር አለ» እያለ ተገናኝቷቸው ተወቅሷል። ስለዚህ አሁን ጠንቃቃ ሆኗል፤ ድንኳን ካየ ይነፋል፣ ጥያቄ በኋላ። ድንኳኑ የሚታየው በእኔ ቤት በኩል ነው፤ በቤቱ የምኖረውም እኔ ብቻ ነኝ። ታደለ ይህን አሰበ፣ ደመደመ፣ ነፋ።

«የእድር አባላት! እትዬ ባለፕሊማውዟ አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት ራጉኤል!»

የቀብር ሰዓቴን የሰማሁት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። መቼም ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ በስድስት ሰዓት አልደርስም የሚል ነበር።

ልብሴን ስፈልግ ግቢው ሞላ። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከዝናቡ ጋር እየወረደ ገባ። ከሱቅ ያልተከፈተው ሁሉ ሳይከፈት ቀረ። ከበሩ ኋላ ቆሜ ስለ ራሴ የሚባለውን ሰማሁ፤ ይህን ዕድል ማንም አይንቀውም። «ደግ ነበረች» አለች አንዷ። «ትሁት» አለች ሌላዋ። የሸምሱ ሚስት፣ ከግቢው ሰው ሁሉ ዘግይታ የነቃች፣ «ጉድጓዱን ሳታስከፍት!» ብላ ደረቷን መታች። የሁሉንም ለቅሶ ላምነው ባልችል የሷን አመንኩት።

ሁሉንም የበለጡት ግን እማማ ወርቅነሽ ናቸው። የባለቤቴ የክርስትና እናት ናቸው፤ መሳለሚያ ነው ቤታቸው። እሱ ሲቀበር እግራቸው ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነበሩ። አሁን በከዘራ እየተጎተቱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ መሐል ግቢው ላይ ደረሱና ከዘራቸውን ጣሉት።

«ልጄን ሳልቀብር ሚስቱን ልቅበር! ምነው ጌታዬ፣ ለአንዱ እንኳ በሕይወት ብታደርሰኝ!»

ከዚህ በላይ በሩ ኋላ መቆም ነውር ነው። ከፈትኩ።

ታደለ ጡሩንባውን ከኋላው ደበቀ። እማማ ወርቅነሽ አዩኝ፣ አይተው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጠርገው ደግመው አዩኝ።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ እማማ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ በዚህ እግር ለማን ነው የመጣሁት?»

በሕይወት በመኖሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሌላ ምን ይደረጋል።

ሰው ግን መጥቷል። ለቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይመለስም፤ ተቀምጧል፣ ንፍሮ ተጥዷል፣ የሸምሱ ሚስት ራሷ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ብረት ድስቱን አምጥታለች። ሁሉም አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሟች። «ታዲያ ማነው የሞተው?» ይላል አንዱ ለጎረቤቱ። ጎረቤቱ ሸምሱን ያያል። ሸምሱ ጣራውን ያያል።

በዚህ መሐል ነው ቆራጩ የገባው። ሕዝቡን አየ፤ «ይሄ ሁሉ ሰው ለቁርጥራጭ ብረት?» አለና መሣሪያውን ሰክቶ አስነሣው። ድንኳኑ ውስጥ ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ምላጩ ወደ ፕሊማውዙ አንገት ሲጠጋ ሳይ፣ ያልተጠየቀው አካሌ ሁሉ ባንድ ጊዜ መልስ ሰጠ።

«አቁም!» አልኩ። ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሼ ደግፌ ዞርኩ። «ጋሼ ደግፌ፣ በእድራችን ደንብ የሕይወት ታሪክ ሳይነበብ ሬሳ ይነካል?»

ጋሼ ደግፌ ጡረታ የወጡ አስተዳዳሪ ናቸው። ከማንኛውም ቀብር የሚወዱት የሕይወት ታሪክ የሚነበብበትን ክፍል ነው። ከሟቹ ጋር ቢጣሉ እንኳ ያነቡለታል፤ የተጣላውንማ የበለጠ አስረዝመው ነው። መነጽራቸውን አወጡ።

«አይነካም» አሉ። «ሟች ማነው?»

«ይኸው።»

መኪናውን አዩት። እኔን አዩኝ። ሐዘን አእምሮዬን እንደነካው የገመቱ ይመስለኛል፤ እንደዚያ የገመተ ሽማግሌ ደግሞ እሺ ይላል።

«ስም?»

«ፕሊማውዝ።»

«የትውልድ ቦታ?»

«ዲትሮይት።»

«ዲትሮይት… በጎጃም በኩል ነው?»

«ትንሽ ይርቃል ጋሼ። አሜሪካ ነው።»

ጊዜ ለመግዛት ነበር ያሰብኩት። ባለቤቴ መኪናውን ባጠበ ቁጥር ታሪኩን እየነገረኝ ስላደነቆረኝ፣ የመኪናውን የትውልድ ሐረግ ከራሴ ዘመዶች ይልቅ አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ተነሣሁና ተናገርኩ።

«በፈረንጅ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ተወለደ» አልኩ። «ለባለሀብት አልተወለደም። መጠነኛ ገቢ ላለው ሰው ተብሎ ነው የተሠራ። ግን ዋጋው ርካሽ ነው ተብሎ ፍሬኑ አልተናቀም፤ ያኔ ውድ መኪና ላይ የሚገኘውን የዘይት ፍሬን ይዞ ነው ወደዚህ ዓለም የመጣ።»

«ለሰው ያስባል ማለት ነው» አሉ አንዲት ሴትዮ።

«ስሙን ያወጡለት፣ እንደሚባለው፣ በገመድ ነው። አሜሪካ ገበሬው ሁሉ ነዶውን የሚያስርበት ፕሊማውዝ የሚባል ገመድ ነበረ። ገበሬ የሚያውቀው ስም ይሁን አሉ።»

ከወደኋላ አንድ የገመድ ነጋዴ ብድግ አለ። «ከእኛ ወገን ነዋ!» አለና፣ እስካሁን በጨዋነት ቀዝቀዝ ብሎ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ጋቢውን አስተካክሎ እንደ ቅርብ ዘመድ ፊት ወንበር ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ግንባሩ ላይ መርከብ አለው» አልኩ። «ስደተኞችን ባሕር አሻግራ አሜሪካ ያደረሰች የጥንት መርከብ ናት። እሱም ይኸው ባሕር በሌለው አገር፣ መርከቡን እንደያዘ፣ ምን ላይ እንደቆመ ታያላችሁ።»

ሁሉም ምን ላይ እንደቆመ አሸተተ።

«ገበያ በሞተበት ክፉ ዘመን፣ ትልልቆቹ መኪና ሠሪዎች ሲዘጉ፣ እናት ኩባንያውን የጦረው እሱ ነው። በኋላ ግን እሱ የሚለብሰውን ልብስ የዚያችው እናት ልጆች፣ ወንድሞቹም ለበሱት። አንዱ መኪና ነው፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። ገዢው ‘ታዲያ ፕሊማውዝ ለምን ያስፈልጋል?’ አለ። በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. በፈረንጅ እናቱ በሩን ዘጋችበት።»

«ምን ሕመም ነበረ?» አሉ ጋሼ ደግፌ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ገበያ።»

ድንኳኑ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰባተኛ ነው ያለነው፤ በዚህ በሽታ የሄደ ሰው የማያውቅ የለም። ሸምሱ እንኳ፣ ዘንድሮ ጎረቤቱ ባለጀሪካን ያንኑ ባልዲ በሌላ ስም እያቀረበ የሚያቃጥለው ሸምሱ፣ «ወላሂ እንደዚህ ነው የሚገድሉት» ብሎ ተከዘ።

«ዘመድ?»

«በየሰው ግቢ የቀሩ ልጆች አሉት። አንዱ ይሄ ነው። ይሄን ያቆየው ባለቤቴ ነው።» ኮፈኑን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

ቆራጩ ሰዓቱን አየ። «አለቀ?» አለ፣ መሣሪያውን አንሥቶ።

ጋሼ ደግፌ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት በእድር ዳኝነት ስሠራ ሬሳ ሲቆረጥ አላየሁም። ሬሳ በእድርተኛ ትከሻ ነው የሚነሣ። ወንዶች! ጋቢ አውልቁ!»

እኔ ያላሰብኩት ነገር ይሄ ነበር። የግቢውን ወንድ ስቆጥር ሦስት ነበር፤ የለቅሶውን ወንድ የቆጠረ ማን ነው? ገመድ ነጋዴው ከሱቁ ገመድ አስመጥቶ ከሥር አሾለከ። አንዱ «በስመ ሥላሴ» ይላል፣ አንዱ «ቢስሚላህ» ይላል፣ ወገቡን የሚያመው የሸምሱ አባት ወገቡን ረስቶ ትከሻውን ሰጠ። ታደለ ለጥፋቱ ካሳ እንዲሆን ጡሩንባውን ነፋ። ሕዝቡ «ሆ!» አለ፤ ፕሊማውዙ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ።

ተነሥቶ ሲሄድ ክዳኑ አብሮ ተነቃነቀ። ዝርዝሩን ልተው። ዓይኑ እንባ ያላቀረረ አንድም ሰው እንዳልነበረ ብቻ ልናገር፤ እንደዚህ ያለ ከልብ የተለቀሰ ቀብር ሰባተኛ አይታ አታውቅም።

«የት እናሳርፈው እትዬ? ቶሎ ይበሉ!» ይጮኻሉ።

«በእኔ በር በኩል አይሆንም!» ይላል ሸምሱ፣ ከሥሩ ሆኖ።

«ጎመኔ ላይ!» አልኩ። መኖሪያዬ ፊት ለፊት የተከልኩት ጎመን ነበረ። ነበረ።

መጣጩ መኪና ረፋዱ ላይ መንገድ ዳር ቆመና ቱቦውን በበሩ አስገባ። ሰው ንፍሮውን ቃም ቃም አድርጎ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎኝ፣ ምን ላይ እንደምጸና ግራ እንደገባው ሄደ። ገመድ ነጋዴው «ሰልስቱ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከልቡ ነው። ቆራጩ ሲወጣ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ዳሰሰና «አሳዘነኝ» አለ፤ ስለ ቆርቆሮው ይሁን ስለ ኪሎው አላወቅኩም። ሸምሱ ድንኳኑን ሲያጥፍ ጋሼ ደግፌ አጠገቡ ቆመው የንብረት አጠቃቀም ደንብ ያስተምሩታል።

አመሻሹ ላይ፣ ሁሉም ሲያልቅ፣ እማማ ወርቅነሽን ፈለግሁ። ፕሊማውዙ ውስጥ፣ ከፊት መቀመጫ፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ዝናብ ነው» አሉ። «ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ።»

በሌላው በር ገባሁ። ባዶው ቦታ ከመሪው ኋላ ስለነበር እዚያ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ጣራውን ይመታል። ጎመኔ ከሥር ይሸታል።

«መንዳት ትችያለሽ?»

«አልችልም እማማ።»

«ግድ የለም፤ ይሄም መሄድ አይችልም።» ከዘራቸውን አስተካከሉ። «ቀብሩ ላይ አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ። እግርዎ ነበር።»

«እግሬን ተይው። አልነበርኩም ነው የምልሽ። እስቲ ውሰጅኝ።»

«ወዴት?»

«የት ነው የቀበራችሁት? ወደዚያ ነዋ!»

አየኋቸው። ፊት ፊታቸውን፣ መስታወቱን እያዩ ነው። እጄን መሪው ላይ አደረግሁ፤ ቀዝቃዛ ነው።

«ከግቢ ወጣን» አልኩ። «በሰባተኛ ታጠፍን።»

«ሰው በዛ?»

«በዛ። መንገዱ ተዘጋ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ጥሪያቸውን አቁመው ኮፍያ አወለቁ።»

«እነዚያ ልጆች?»

«እነዚያው።»

«ማን ተሸከመው?»

«ሸምሱ ከፊት ነበረ። ሌሎቹ እየተቀያየሩ። ወደ ራጉኤል ስንደርስ ሁሉም ልሸከም፣ ልሸከም ይል ነበር።»

«ታሪኩን ማን አነበበ?»

«ጋሼ ደግፌ።»

«ረዘመ?»

«በጣም።»

«ደግ አደረጉ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደረስን?»

ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

«ደረስን እማማ።»

ነጠላቸውን አውልቀው እንደገና አዘቅዝቀው ለበሱ። በሩን በከዘራቸው ገፍተው ከፈቱ፣ አንድ እግራቸውን ጎመኑ ውስጥ አወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፤ ውረጂ እንጂ» አሉኝ።

ወረድኩ።